ሌሊት የሚያርሱ ሰዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሆስፒታሉ አዳራሽ ጋቢ አለበሱኝና ተራ በተራ እየተነሱ ያመሰግኑኝ ጀመር። አንድ ወጣት ሐኪም፣ ስሜን ከመድረክ መሪው ጠይቆ መነሳቱ እያስታወቀበት፣ «ጋሽ አያሌው በሄዱበት ሁሉ ቤተሰብን የታደጉ ባለሙያ ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እንደ ደንቡ ጎንበስ አልኩ። ለቅሶ ላይ ሟች ሁሉ ደግ እንደሚሆነው፣ በሽኝት ላይም ጡረተኛ ሁሉ ጎበዝ ነው። እኔ ግን «ቤተሰብን የታደጉ» ሲባል አንድ ቤተሰብ ትዝ አለኝና የቀረበልኝን ለስላሳ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አስካለ ፊቴን አይታ «ምን አሉህ?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም ነርስ ስለነበረች ነገሩን ታውቀዋለች። «እንግዲያው የሆነውን ጻፈው» አለችኝ። ይኸው ዘግይቼ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ደጀን ጤና ጣቢያ ነው። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የወጣ ችግር ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ጣቢያ ነበር፤ ፍሬን የከዳው ሾፌር፣ ሙቀቱና ጠመዝማዛው ያዞረው ተሳፋሪ፣ ጎማ ሲፈታ ጣቱ የተጨፈለቀ ረዳት። ስፌት የተማርኩት በነሱ ላይ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ ወደ ሉማሜ ተዛወርኩ። የሉማሜው ኃላፊያችን የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው። እሱ ለቅሶ ከሄደ ራሱን ያመመው በሽተኛ ለቅሶው እስኪበተን ድረስ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ደመወዙም ስለ እኔ ብዙ አልተጨነቀም።

ሥራዬን ሥራ ያደረገው ግን ደብረ ማርቆስ መምጣቴ ነው። እዚያ ዶክተር ሰይድን አገኘሁ።

ዶክተር ሰይድ የደሴ ሰው ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው ናቸው። የራሳቸውን ጾም ይጾማሉ፤ የእኛንም ጾም ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። ለሑዳዴ ጿሚ ገበሬ ኪኒን ሲያዙ ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቀው ነው። «ዶክተር፣ ሊቀስሱ ነው እንዴ?» እያልን እንተርባቸው ነበር።

በሽተኛ ሲመጣ ወንበራቸው ላይ ሆነው አይጠብቁትም። በር ላይ ቆመው ከግቢው መግቢያ ጀምሮ ሲመጣ ያዩታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አያሌው፣ ሰው አንዴ ከተቀመጠ የሚነግርህ በአፉ ብቻ ነው። ሲራመድ እግሩም ይናገራል» አሉኝ። በሽተኛው እያወራ አይጽፉም። እሱ ሲወጣ ነው ብዕራቸውን የሚያነሱት፤ ረስተው ያለፉት ነገር ደግሞ አላየሁም። ክፉ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው ያጥፉና ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ቀን «ይሄስ ምንድን ነው?» ብላቸው «የሰውየው ፊት ጠርቶ እንዳይታየኝ ነው» ብለው ሳቁ። የምራቸውን ይሁን የቀልዳቸውን ዛሬም አላውቅም።

ከሁሉ የሚለዩት ግን ስለ እንቅልፍ ሲጠይቁ ነው። እኛ ሌሎቻችን «እንቅልፍ ይወስድሃል?» እንላለን፤ በሽተኛው «አዎ» ካለ እናልፋለን። እሳቸው «የተኛ ሰው ስለ እንቅልፉ ምን ያውቃል? አብሮት የሚተኛውን ጠይቁ» ይሉ ነበር። ይህ በደሴም በለንደንም ትክክል ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ያገባች ሴት የመኝታዋን ነገር ለወንድ ነርስ፣ ያውም ዘመድ አዝማድ በር ላይ ቆሞ፣ አታወራም። «ሰላም ነው» ብላ ዓይኗን መሬት ትተክላለች። ስለዚህ ሚስቶችን በክትባት ክፍሉ ለብቻቸው የምታነጋግረው አስካለ ነበረች። ያኔ ገና ሲስተር አስካለ ናት እንጂ የእኔ አስካለ አልሆነችም። ሰው ሚስጥሩን ለሷ ለማውራት ምን እንደሚያስቸኩለው አይገባኝም ነበር፤ በኋላ ለኔም ደረሰኝና ገባኝ።

ደመላሽ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ከደብረ ወርቅ ወረድ ብላ ካለች ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው አርባ ግድም፣ ትከሻው ሰፊ። ያመጣው የሚስቱ ወንድም ሲሆን አመጣጡ ለሕክምና ሳይሆን ለክስ ይመስል ነበር።

«መጠጥ የሚያስተው መድኃኒት ካላችሁ ስጡልን። እህቴን አዋረዳት። ከማለዳ ጀምሮ ይንገዳገዳል፤ ምላሱም ይያያዛል። የጽዋ ማኅበሩ ሳይቀር ሰክሮ መጣ ብሎ አስወጥቶታል።»

ደመላሽ ቀስ ብሎ፣ ቃሉ እየከበደው፣ «ጌታዬ፣ እኔ ጠላም ከቀመስኩ ቆየሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ እንጂ አልጠጣሁም» አለ።

ዶክተር ሰይድ ሲመጣ አይተውታል። ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጭን መስመር እንዲሄድ አዘዙት፤ ሦስት እርምጃ ሳይደፍን ግድግዳ ያዘ። በጣቱ አፍንጫውን እንዲነካ አዘዙት፤ ጣቱ ወደ አፍንጫው በቀረበ ቁጥር ይንቀጠቀጥና ጉንጩ ላይ ያርፋል። ትንፋሹን አሸተቱት። የምንም መጠጥ ሽታ የለውም። ሚስቱን ወይዘሮ እታገኝን ወደ አስካለ ላኳት።

አስካለ ስትመለስ መሳቅም መደንገጥም የፈለገች ትመስል ነበር።

«ሌሊት ያርሳል አለችኝ» አለች።

«ማን?» አልኩ።

«ባሏ። ተኝቶ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ይነዳል። እጁን ያወናጭፋል፤ ይራገጣል። አንዴ የግድግዳውን ጭቃ ረግጦ አርግፎታል። እሷ ልጆቹ ጋ መተኛት ከጀመረች ቆየች። ደግሞ ይሄ ሁሉ የጀመረው እግሩ ደህና ሆኖ እንደ ልቡ በሚሮጥበት ጊዜ ነው።»

«አልፈራችም?» አሉ ዶክተር ሰይድ።

«ገና ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ነግረዋታል። ‹የዚህ ቤት ሰዎች ሌሊት ያርሳሉ፤ በግድግዳው በኩል እሱ ይተኛ፣ አንቺ በውጭ በኩል ሁኚ› አሏት። የአማቷም ባል እንደዚያው ነበሩ። በኋላ እሳቸውም በሁለት ዱላ ነበር የሚሄዱት።»

ዶክተር ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ።

ነገሩን በኋላ እንዲህ አስረዱን። ሰው ሕልም ሲያይ ሰውነቱ ይታሰራል፤ ለዚህ ነው በሕልማችን ብንሮጥም አልጋችን ላይ የምንገኘው። ያ እስራት ሲላላ ሰው ሕልሙን በእጅ በእግሩ ይሠራዋል። ሌሊት የሚራገጥ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሚዛንን የሚጠብቀውን ትንሹን አንጎል ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ በሽታ አለ፤ በአንዳንድ ቤተሰብ እግር ከመያዙ ከብዙ ዓመት በፊት ምልክቱን በእንቅልፍ ያሳያል። የታመመ ወላጅ ካለው ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረሱና ያለመውረሱ ዕድል እኩል ነው። ማን እንደወረሰ የሚለይ የደም ምርመራ ያኔ በአጠገባችን አልነበረም። የሚያድን መድኃኒትም የለም።

እነዚያ ሴቶች፣ አማትና ምራት፣ የበሽታውን መጀመሪያ ከማንም ሐኪም በፊት ያውቁት ነበር። በሽታ መሆኑን ብቻ አላወቁም። የቤቱ ጠባይ ነው ብለው በግድግዳ በኩል አስተኙት፤ ሳቁበት፤ ኖሩበት።

ለደመላሽ የቻልነውን አደረግን። መኝታው መሬት ላይ እንዲሆን፣ ከራስጌው በላይ የተሰቀለው ማረሻ እንዲነሳ፣ ሲበላ እንዳያንቀው ቀስ ብሎ እንዲጎርስ። ለሌሊቱ ትንሽ ኪኒን ሰጡት፤ ብዙ እንዳይሰጡት መንገዳገዱን እንዳያብስበት ፈሩ። ከዚያ ዶክተር ሰይድ «ቤቱን ማየት አለብኝ» አሉ። በሽታው በቤተሰቡ ውስጥ እስከ የት እንደሄደ ማወቅ ፈለጉ። በሰው ሁሉ ዘንድ እንደ ሰካራም እየተቆጠረ በየጓዳው የተቀመጠ ሌላ በሽተኛ ይኖር ይሆናል።

ሄድን። እስከ ደብረ ወርቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። የደመላሽ ትልቋ ልጅ የዝና ናት የተቀበለችን። እግራችንን ልታጥብ ውኃ ይዛ መጣች፤ ዶክተሩ አፈሩና በራሳቸው ታጠቡ። የዝና ትምህርቷን እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች፣ ሳቂታ፣ ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅ ነበረች። ታጭታለች ተባልን። እጮኛዋ ታደለ የሚባል የማዶው ደብር ልጅ ነው። እናቷ «ሽማግሌዎቹ መጥተው እሺ ተብለዋል» ሲሉ የዝና ወደ ጓዳ ሸሸች። በገበያ ቀን ከርቀት ይተያያሉ ብለው ወንድሞቿ ሲያሾፉባት እንሰማ ነበር። እኛም እንኳን ደስ ያላችሁ አልን።

ደመላሽ ከአባቱና ከአንዲት አክስቱ በላይ ያለውን ዘሩን በቅጡ አያውቅም። ዶክተር ሰይድ ቅር አላቸው። «ታዲያ ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«አያ ቸኮል ያውቃሉ» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ዝምድናቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻው ይቀራል። ይህን ሁሉ ሰው በቃሉ አይዝም፤ የሚይዝ ሽማግሌ ግን በየአካባቢው ይኖራል። በዚያ አካባቢ ሰውየው አያ ቸኮል ነበሩ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የማንን ልጅ እንዳገባ፣ በቃላቸው ያውቃሉ። እሳቸው ሳይቆጥሩ ሠርግ የደገሰ ቤት አልነበረም። ለአንድ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? ዶክተር ሰይድ ከደስታቸው የተነሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም በአገሬ ኮራሁ።

አያ ቸኮልን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ደመላሽን የወለደ ወርቁ። ወርቁን የወለደች ብሬ። የብሬ ወንድም ገሠሠ...»

ዶክተር ሰይድ በየስሙ ላይ ይጠይቃሉ። «እሳቸውስ ሲራመዱ ይንገዳገዱ ነበር? በእንቅልፋቸውስ ይጮኹ ነበር?»

መጀመሪያ ሽማግሌው ፈጠን ፈጠን ብለው ይመልሱ ነበር። «ብሬ በስተርጅና በሰው ተደግፋ ነው የምትሄድ። ገሠሠ ደህና ነበር። የገሠሠ ልጆችም ደህና ናቸው። የብሬ ሁለተኛ ልጅ፣ እሱስ ሰካራም ነው እየተባለ ሞተ...» ከዚያ እየዘገዩ መጡ። ከዚያም ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር በዘር ይወርዳል ማለት ነው?»

«አዎ አባቴ። ግን በሁሉም ላይ አይወርድም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምቆጥረው ደም ከደም እንዳይገናኝ ነው። ደሙ ተሸክሞት የሚሄደውን ቆጥሬ አላውቅም» አሉ አያ ቸኮል።

«አደራዎን፣ ይሄ ነገር በእኛ መካከል ይቅር» አሏቸው ዶክተር ሰይድ።

«በወሬ አልታማም። ሰው ለጋብቻ መጥቶ ሲጠይቀኝ ግን የማውቀውን እነግራለሁ። ከአባቴ ስቀበል ቃል የገባሁት እንደዚያ ነው።»

ዶክተሩ እጅ ነስተው ተነሱ። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር፤ በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ነገር አንድ ሽማግሌ በቃሉ ዘርዝሮላቸዋል። እሳቸው የሌላ አገር ሰው ናቸው፤ የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል ምን እንደሚያስከትል ከየት ያውቃሉ? እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ቃሉን ሰምቼ ስለ ሥጋ ዝምድና የተናገሩት መሰለኝና አለፍኩት። ለየዝና ሠርግ ቀን ከመቆረጡ በፊት የቀረው የዘር ቆጠራው ብቻ እንደሆነ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ አላሰብኩም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ መልሼ ብይዘው የምመኘው ያን ከሰዓት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጣልን ወሬ ደግ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ደመላሽ በሽተኛ እንጂ ሰካራም አለመሆኑን ሰምተው ቤቱ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውታል። ጽዋውን ቤቱ አምጥተው አቅምሰውታል። አማቹም፣ ያ ከሳሹ፣ በግ ይዞ መጥቶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ደመላሽ እንዳይወድቅ ሊይዘው ሞክሮ ሁለቱም ወደቁ ተባለ። ይህን የነገረን ደመላሽ ራሱ ለክትትል ሲመጣ ነው። ስንስቅ እሱም አብሮን ሳቀ። ዶክተር ሰይድ ያን ዕለት ሻያቸውን በስኳር ጠጡ።

ከዚያ ወይዘሮ እታገኝ ብቻቸውን መጡ። ገበያ ቀን ነበር፤ ግን የተሸከሙት ነገር የለም። ወንበር ስንሰጣቸው አልተቀመጡም።

«የልጄ ነገር ቀረ» አሉ።

«እንዴት ቀረ?» አለች አስካለ።

«የታደለ ሰዎች አያ ቸኮል ዘንድ ሄዱ። አያ ቸኮል ቆጠሩና ‹ዝምድና የላችሁም፤ በዚህ በኩል ትጋባላችሁ› አሏቸው። ቀጥለው ደግሞ ‹ግን የማውቀውን ልንገራችሁ› አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በደጃችን የዞረ የለም። ታደለን በገበያ አየሁት፤ እንዳላየ ሆኖ በሌላ በኩል ሄደ።» ወደ ዶክተር ሰይድ ዞሩ። «እኔ ልጆቼ ጋ እየተኛሁ፣ እየሳቅሁ ችየው ነበር። አንቱ ስም አወጡለት።»

በማግሥቱ ማለዳ ዶክተር ሰይድ ቀጠሮ ሁሉ ሰርዘው ተነሱ። አብሬያቸው ሄድኩ።

አያ ቸኮል በአክብሮት ተቀበሉን። ዶክተሩ ለመኑ፤ ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ልጅቷ ላትወርስ ትችላለች። ወርሳለች ብሎ የሚናገር ሰው በዓለም ላይ የለም። ግማሽ በግማሽ ነው» አሉ።

አያ ቸኮል በእርጋታ አዳመጡና «ልጄ፣ በእኔ ቆጠራ ሰው ዘመድ ነው ወይም ዘመድ አይደለም። ግማሽ ብዬ የማውቀው የለም» አሉ። «ደግሞ የታደለ አባት ‹የምታውቀው ነገር አለ ወይ?› ብሎ አፍ አውጥቶ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ልዋሸው? እናንተ ባትመጡ ኖሮ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ በጠላናቸውና በቀለለን። አልነበሩም። ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኙን፤ የዝናን በስሟ ጠርተው «እንደ ልጄ ናት፤ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» አሉን። ያሉትም እውነት ነበር።

ወደ ደመላሽ ቤት ጎራ አልን። ደጃፉ ላይ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል። ዶክተር ሰይድ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ በእጁ ከለከላቸው። ቃሉን እየጎተተ «እኔን ከስካር ስም አወጣችሁኝ፤ ይስጥልኝ» አለ። «ልጄን ግን በእኔ በሽታ አስጠራችኋት።» የዝና ውስጥ ነበረች። አልወጣችም። እኛም ልንጠራት አልደፈርንም።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ሰይድ የዘር ነገር ከራሱ ከታማሚው ቤት ውጭ ጠይቀው አያውቁም። ለቤተሰቡም ሊናገሩ ሲሉ መጀመሪያ «ይህን ማን ቢሰማ ትጎዳላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን አሠራር ለኔ አወረሱኝ፤ እኔም ከኔ በኋላ ለመጡት አስተማርኩ። ጥሩ አሠራር ነው። የተማርነው ግን በአንዲት ልጅ ላይ ነው፤ ያንን ሳስተምር አልናገርም ነበር። ዶክተር ሰይድ ጊዜያቸው ሲደርስ ወደ ደሴ ተመለሱ። ስልክ ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁኝ ስለ የዝና ነበር። እስኪያርፉ ድረስ ጠየቁኝ፤ እስኪያርፉም ድረስ የምነግራቸው ደህና ወሬ አላገኘሁም።

ሌላ ጠያቂ አልመጣላትም። ወሬው በሁለቱ ደብር ቀርቶ ከዚያ ወዲያም ሄዷል። ታደለ ሌላ አግብቶ ወለደ። ደመላሽ ከጊዜ በኋላ ከአልጋ ዋለና አረፈ፤ ወይዘሮ እታገኝም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት። የዝና ደብረ ማርቆስ ገብታ የልብስ ስፌት ጀመረች። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። ጎበዝ ሰፊ ናት፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚበዛው ለሷ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነስታ ሰላም ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሰሞኑ ቤታችን መጣች። አስካለ ምሳ አቀረበች፤ ጥቂት ቀምሳ እጇን ታጠበች።

«ጋሼ፣ ላስቸግራችሁ ነው የመጣሁት» አለች። «አባቴ ሌሊት ማረስ ሲጀምር ከኔ ያንስ ነበር። እኔ አርባዬን ልይዝ ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አንሶላው ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። ምን እንዳደረግሁ አላውቅም።»

«ሆስፒታል ሄደሽ ነበር?»

«ሄጃለሁ። ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ ደግ ነው። ‹ሌሊት ትጮሂያለሽ? ትራገጫለሽ?› አለኝ። ‹እንጃ› አልኩት። ‹ባለቤትሽን ጠይቂና ነይ› አለኝ።» ፈገግ አለች። «እሺ ብዬ ወጣሁ።»

እኔ ራሴን ደፋሁ። ልጁ ሐኪም የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ እኛው ያስተማርነው ነው። የሚመልስላትን ሰው ያሳጣናትም እኛው ነን።

አስካለ ከኔ ቀደመች። «ዕቃሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። «አንድ ሰሞን እኔ ጋ ትተኛለሽ። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፌ የነርስ እንቅልፍ ነው፤ ዝንብ ብትበር እሰማለሁ።»

የዝና መጣች። እኔ ሳሎን ወረድኩ፤ ሁለቱ በእኛ አልጋ ተኙ። ማታ ማታ ከስፌቷ ስትመለስ ከአስካለ ጋር ሽንኩርት እየከተፉ ሲያወሩ እሰማለሁ። ቤታችን ልጆቻችን ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ አስካለን በዓይኔ እጠይቃታለሁ፤ «ገና ነው» ትለኛለች። አንድ ሌሊት ብቻ አይታ ልትናገር አልፈለገችም። በሥራችን ያን ያህል ተጠንቅቀን የምናውቅ አይመስለኝም።

ሰሞኑ ሲያልቅ ጠዋት ሦስታችንም ቁርስ ቀርበን ተቀመጥን። አስካለ እንደ ድሮው፣ ለተረኛ ነርስ በሽተኛ እንደምታስረክብ ሆና ተናገረች።

«ትገላበጫለሽ፤ ያ ሁላችንም ላይ አለ። አንሶላውን የምትጠቀልይው ስለሚበርድሽ ነው፤ ወደ ራስሽ ትስቢዋለሽ። አልጮኽሽም። እጅሽን አላነሳሽም። እኔንም አንድ ቀን እንኳ አልረገጥሽኝም። እጅሽን ከጉንጭሽ ሥር አድርገሽ ጸጥ ብለሽ ነው የምትተኚው።»

ከዚያ እኔ ወደ ደጅ አወጣኋትና ከበሩ እስከ አጥሩ አስኬድኳት። ተረከዝ ከጣት አገናኝታ፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትወላገድ ደርሳ ተመለሰች። አፍንጫዋን አስነካኋት። ጣቷ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው ዓላማውን አይስትም። ማለት ያለብኝን አልኩ፤ ይህ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሙሉ መልስ የሚሰጠው የደም ምርመራ ነው፣ ዘግይቶ የሚጀምረውም አለ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ አካሄድና በዚህ እንቅልፍ፣ ከአባትሽ የወረስሽ አይመስለኝም አልኳት። ይህን ለመናገር ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ። እልል ባትል እንኳ ታለቅሳለች፣ አስካለን ታቅፋለች ብዬ ነበር።

የዝና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተከተልናት። ለብሳው የሰነበተችውን ብርድ ልብስ አንስታ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለች እንደ ሰፊ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ» አለች፣ «ታዲያ ያን ጊዜም እንዲሁ ጸጥ ብዬ ነበር የምተኛው ማለት ነው።»

አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የዝና ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ አስቀምጣ ሁለታችንንም ስማ ወደ ስፌቷ ሄደች።